የባዝራዋ ኮቴ

እኛ ጋጣ አለንጋ ክልክል ነው፤ ፈረስ በፍቅር ነው የሚያዘው ይባላል። ለሠራተኛ ግን ፍቅሩ አልተረፈም። አለቃዬ፣ አንጋፋው ፈረስ ጠባቂ፣ በሕይወት ሳለ ግራጫዋን ባዝራ አያስነካኝም ነበር። «ያንተ እጅ ይከብዳታል» እያለ በሰው ፊት ያዋርደኛል። ከቀበርነው ወዲህም እግሯን አንስታልኝ አታውቅም። ኮቴ ካልተጠረገ ደግሞ ይበሰብሳል።

ዛሬ ጠዋት የጋጣው ባለቤት እትዬ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬም እምቢ ካለችህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

«እሺ እትዬ።»

በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? የኮቴ መጥረጊያውን ብረት ይዤ ከፊት እግሯ ሥር አጎነበስኩ። ንቅንቅ አልል አለች። የኋላ እግሯን ግን ማንም ሳይነካት አጥፋ አነሳች፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። የደረቀው ጭቃ በብረት እንደሚፈለፈል ሁሉ ከተረከዙ ጀምሮ እየተቆረሰ ረገፈ። ከዚያ እግሯ ቀስ ብሎ መሬት ነካ።

«ጎሽ፣ ተግባባችሁ ማለት ነው» አሉ እትዬ። የባዝራዋ ገላ ከልሎኝ አያዩኝም። «በል ቀጥል።»

ብረቱ እጄ ላይ ነው። ኮቴዋን የምታሳርፍበትን ጉልበቴን እንደ ደንቡ አመቻችቼ ጠበቅሁ። የፊት እግሯን አነሳች፤ ጉልበቴን አልፋ ከጎኔ፣ አለቃዬ ይንበረከክበት በነበረው ባዶ ቦታ፣ አየር ላይ አሳረፈችው።