የእናትነሽ ወንበር

ጧ... ጧ... ጧ። ማኅተም የሚመታ ድምፅ ከተቆለፈው ክፍል ይሰማል። ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በሩን ስከፍት ዝም አለ።

እናትነሽ ከሞተች ወዲህ፣ የዳንግላ ጋሪዎች ሥራ በሚጀምሩበት ሰዓት ቢሮ ስገባ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አለቃችን ጋሽ መሳፍንት ያኔ፣ "ሰው እስኪቀጠር የእሷንም ደርበህ ያዝ" አሉኝ። የእኔ ሥራ ፋይል መያዝ ነበር። ደብዳቤ ማተሙም፣ የባለጉዳዮችን አቤቱታ ከአዊኛ ወደ አማርኛ መመለሱም ተጨመረብኝ። ደመወዜ ግን ያው ነው።

"አንተ ሞኝ፣ ጭማሪ አትጠይቅም?" ትለኛለች ተላላኪዋ እንቁ።

ብጠይቅ ሰው ይቀጥራሉ። በእናትነሽ ወንበር ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት አልችልም። በቁሟ እንደምወዳት ሳልነግራት ቀረሁ። አሁን ያለችኝ ይህች ድምፅ ብቻ ናት። ደብዳቤዎቹንም ታትመው፣ ቀለማቸው ሳይደርቅ አገኛቸዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጋሽ መሳፍንት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ተገላገልክ! ሰኞ አዲስ ልጅ ትመጣለች። ወንበሩን ወልወል አድርግላት።"

"ጋሼ፣ እኔ እችለዋለሁ። ጭማሪም አልፈልግም። እባክዎ ይተዉት።"

"ምን ነካህ አንተ? ሰው በነጻ ልሥራ ብሎ..."

የእናትነሽ ወንበር ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጋሽ መሳፍንት ለሚያልፍ ሰው እንደሚደረገው ጠጋ ብለው መንገድ ለቀቁ።

"ወዴት ነው እናትነሽ?" አሉ እንደ ልማዳቸው። "የመውጫ ሰዓት እኮ አልደረሰም።"

የእግሯ ኮቴ ከበሩ አልፎ ወጣ።