ዳሽቦርድ ውስጥ ያልነበረው ስልክ

ፍቅረየሱስ ታክሲ እየነዳ ስልክ አያነሳም። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ስልኩን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ይዘጋበታል። አለቆቹ ለሹፌሮች በሰጡት የአንድ ቀን ኮርስ ላይ የተባለውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ይፈጽም ነበር፦ እየነዳችሁ አታውሩ፤ ነዳጅ ስትቀዱ አትደውሉ፤ አደጋ ቢደርስባችሁ የሚጠራላችሁን የቅርብ ሰው ስልካችሁ ላይ በስሙ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ለይታችሁ መዝግቡ። ጓደኞቹ "መምህሩ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ስለዚህ ፖሊሱ "ሲጋጭ ስልኩ እጁ ላይ ነበር" ሲል ሚስቱ ወይንሸት አላመነችም። ሪፖርቱ ግን እንዲያ ይላል፦ ኅዳር 2006፣ ፒዮሪያና ኮልፋክስ ጎዳናዎች መገናኛ፣ ጠዋት 9:14፣ ቀይ መብራት ጥሶ።

አንድ መጽናኛ ነበራት። ያን ሳምንት "ስደውል አታነሳም" ብላ አኩርፋው ነበር። በዚያው ጠዋት ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በሻይ ሰዓቷ ደወለችለት። አነሳ። "ወዬ የኔ እመቤት" አላት። ወተት እንዳይረሳ ነገረችው። "እሺ" ብሎ ሳይሰናበታት ዘጋ፤ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሰው መጥቶበት ይሆናል ብላ ተወችው። ቢያንስ ታርቀው ነው የተለያዩት።

ስልኩን ከወር በኋላ በፕላስቲክ ከረጢት መለሱላት። ቻርጅ አድርጋ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ማንም አይደውልበትም፤ እሷ ግን ሳህን ስታጥብ ሲንቀጠቀጥ ትሰማዋለች። እጇን ጠርጋ ትከፍተዋለች። ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደግሞ ሌላ ቀን ትሰማዋለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት የባሏ የሥራ ባልደረባ እድሪስ ሊጠይቃት መጣ። ስልኩን አወጣችለት።

"ከመጋጨቱ በፊት መጨረሻ ያነሳው ጥሪ ይሄ ነው። እየው፣ 9:13።"

እድሪስ መነጽሩን አደረገ። በስም ፈንታ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበሩ።

"አይ፣ ሲ፣ ኢ..." አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አይስ። ወይንሸት፣ ይሄ እኮ ሰው የሚያባርረው ኢሚግሬሽን ነው።"

"እሱ ጋ ምን አላቸው?"

"የጥገኝነት ኬዛችሁ አፕሩቭ ሆኗል?"

"ገና ነው። ግን የሆነ ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር።"

"እንዳትደነግጪ ብሎ ደብቆሽ ይሆናል። ለነሱ ደግሞ መሪ ይዞም ቢሆን ያነሳል፤ ማንስ አያነሳም?"

ወይንሸት ሌላም ነገር ያንገበግባት ነበር።

"ስልኩ ላይ ከመዘገባቸው ውስጥ ያንተ ስም አለ። የፀጉር ቆራጩ እንኳ አለ። የኔ ግን የለም፣ ሁለቴ ፈልጌአለሁ። ሚስቱ ነኝ እኮ እድሪስ።"

"ያንቺንማ በቃሉ ያውቀዋላ" አለ እድሪስ፣ ዓይኗን ሳያይ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና "እንዳትነኪው፤ ነገር በራስሽ ላይ ትጠሪያለሽ" አላት።

ብቻዋን ቀረች። ውጭ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ስልኩን መሳቢያው ውስጥ መለሰችና ዘጋችው። ወዲያው የሚንቀጠቀጥ መሰላት። ደክሟታል። ቢያባርሯትም ያባርሯት፤ ባሏን የገደለባትን ሰው ድምፅ ሳትሰማ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን መኖር አትችልም። የምትለውን በእንግሊዝኛ ደጋግማ ተለማመደችው፦ "እየነዳ እያለ የደወልክለት አንተ ነህ። የገደልከው አንተ ነህ።"

ስልኩን አወጣች። ሦስቱ ፊደላት ላይ ቆመችና አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

ወንበሩ ላይ ባለው ቦርሳዋ ውስጥ የራሷ ስልክ ጮኸ።