ምላጭ ያልነካው ጠጉር

መምህር ስማቸው የደርበውን ራስ ላጭቶ ሲጨርስ ምላጩን በሳሙናው ውሃ አለቃልቆ «ቀጥሎ!» አለ። ደርበው የተላጨ ራሱን እየዳበሰ ከበርጩማው ብድግ ሲል ጓደኞቹ «ዱባ! ዱባ!» እያሉ ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። የተላጨው ጠጉር ከብሳናው ዛፍ ሥር በተያያዘው እሳት ውስጥ እየተንጨረጨረ ይነዳል። የቆሰበር ከተማ የጠዋት ጉም ገና አልተገፈፈም፤ የተቃጠለው ጠጉር ሽታ ከግቢው አልወጣ ብሏል።

ትእዛዙ የዲሬክተሩ ነበር። ጎረቤት ከተማ ዳንግላ ላይ ተስቦ ገብቷል የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ፣ ቅማል የተገኘበት ተማሪ ሁሉ ሳይላጭ ክፍል እንዳይገባ ብለዋል። ወንዶቹ አልከበዳቸውም። አሁን ተራው የደረሳት ግን ያለምወርቅ ነበረች፤ የሦስተኛ ክፍል ብቸኛዋ ሴት ልጅ።

ከሰልፉ ወጣች እንጂ ወደ በርጩማው አልሄደችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«ነይ ተቀመጪ፤ አያምም» አላት ስማቸው።

«አልላጭም፣ ጋሼ።»

«ቅማላም!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ስማቸው ዞር ብሎ ሲገላምጣቸው ጸጥ አሉ። ቀስ ብሎ ነጠላዋን ገለጥ አደረገው። ሹሩባዋ ከተሠራ ወራት አልፎታል፤ ተበትኖ እርስ በርሱ ተያይዟል። ከጆሮዋ በላይ ቅጫሙ እንደ ነጭ ጤፍ ተነስንሷል፤ ማጅራቷን አካ አካ አቁስላዋለች።

«እናትሽ አትቀምልሽም?»

«ድሮ ትቀምለኝ ነበር።» መሬት መሬቱን አየች። «አሁን ዝም ብላ ትቀመጣለች።»

ስማቸው ምክንያቱን ያውቃል። አባቷ ሃምሳ አለቃ ሀብቱ ኮንጎ ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እናትየዋ ይዛ የምትሮጠው ወደ ስማቸው ነው። ለመስቀል የመጣውንም ያነበበላት እሱ ነበር። አሁን መጋቢት ተጋምሷል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልመጣም።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፤ ጠጉር እንደሆነ ይበቅላል። ሳትላጪ ግን ክፍል መግባት አትችይም።»

«እንግዲያው ቤቴ እሄዳለሁ።» ነጠላዋን መልሳ ራሷ ላይ ሳበች። «ሴት የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። የአባቴ ደብዳቤ የሚነበበው በእርስዎ ነው። እርስዎ ላጭተውኝ ቤት ብገባ እናቴ ምን ትላለች? መርዶውን ሰምተው ነው ትላለች። ደግሞ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያነበቡልን? ‹የልጄን ጠጉር እንዳትቆርጪው፤ ስመጣ ወገቧ ድረስ ወርዶ ልየው› ያለውን?»

ምላጩን የያዘው እጁ ወረደ። ያንን ቃል ሌላ ሌላውን እያነበበ እንደ ዋዛ አልፎት ነበር። ልጅቷ ግን አንዲት ቃል ሳትጥል ይዛዋለች።

ዲሬክተሩ ከቢሯቸው ደጃፍ ሆነው ያዩ ኖሯል። «ምን ያቆምሃል? ላጫት እንጂ!» አሉ።

«ይቺን አልላጭም።»

«ተስቦ ቢገባብን ተጠያቂው ማነው?»

«እኔ ነኝ።» አለ ስማቸው። ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። «ክፍል አላስገባትም። እዚሁ ትቀመል። ሰኞ እርስዎ ራስዎ ይዩዋት።»

ዲሬክተሩ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት። «ሰኞ አንዲት ቅማል ባገኝባት እሷን አሰናብታለሁ፤ አንተንም ለአውራጃው እጽፍብሃለሁ» ብለው ገቡ።

ስማቸው ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ያለምወርቅን ከፊቱ አስቀምጦ ሹሩባዋን መፍታት ጀመረ። ወንዶቹ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ አስተማሪ የሴት ልጅ ራስ ሲቀምል አይተው አያውቁም። እሱም ሞክሮ አያውቅም። አንዱን ጉንጉን ሲስበው ልጅቷ «እስስ!» ብላ አንገቷን ሰበረች።

«ኧረ ይተዉ ጌታዬ! የልጅቱን ራስ ሊነቅሉት ነው እንዴ?»

የትምህርት ቤቱ ውሃ ቀጂ ማናለብሽ ነበረች። እንስራዋን አውርዳ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጣችና ከዛፉ ሥር ሣሩ ላይ ዘፍ አለች። ለልጅቷ በአገውኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ ስማቸው አልገባውም። ያለምወርቅ ግን ፈገግ ብላ ራሷን በሴትየዋ ጭን ላይ አሳረፈች። ማናለብሽ ስማቸው ከኪሱ ያወጣላትን ሚዶ ተቀብላ፣ ጠጉሩን እየከፈለች፣ ያገኘችውን በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር መካከል ጠሽ ታደርገው ጀመር።

«እናትዋ ቤት ማታ እሄዳለሁ» አለች ቀና ሳትል። «እሷንም ራሷን የሚዳብሳት ሰው ያስፈልጋታል።»

ስማቸው ወንዶቹን አስገብቶ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ዓይኑ ግን ከመስኮቱ አልነቀል አለው። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣ። የዕረፍት ሰዓት ሲደርስ ዘበኛው አባ ውዱ መምቻ ብረቱን ይዘው፣ እንደ ደወል ወደተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲያዘግሙ አያቸው። ጠመኔውን ጥሎ እየሮጠ ወጣና እንዳይደውሉ እጁን አውለበለበላቸው።

አባ ውዱ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከዚያ ወደ ዛፉ ሥር አዩ፤ ብረቱንም ቀስ ብለው ሣሩ ላይ አስቀመጡት።

ያለምወርቅ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ በማናለብሽ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የተላጩት ወንዶች ኮቴያቸውን አጥፍተው አንድ በአንድ በአጠገቧ አለፉ።