አልቃሽ ያጣች ሟች

ዘበኛው ማለዳ ሲመጣ፣ የጥንት ሰውና እንስሳት አጥንት በሚጎበኝበት የእግር መንገድ ዳር የእድር ድንኳን ተተክሎ አየ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

«የሁላችን እናት!» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይፍሩ። «ልጆቹ ትናንት ሰሌዳውን አነበቡልን፤ ‹የሰው ዘር እናት አጥንት› ይላል። ይህን ሁሉ ዘመን አልቃሽ አጥታ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ስትኖር፣ አንተ ሰው ሆነህ ዝም ትላለህ? ዛሬ በወግ እንቀብራታለን።»

ጎብኚው ሁሉ የሚመጣው ለእሷ ነው፤ እሷ ከጠፋች የዘበኛው እንጀራ ተዘጋ። ሰዉን ገፍቶ ወደ ቃሬዛው ተጠጋ። ከነጩ ጋቢ ውስጥ የተቆለመመ ክራንቻ ብቅ ብሏል።

ክራንቻውን ያውቀዋል። የጥንት አሳማ ነው። ሰሞኑን ነፋስ የጣላቸውን የእሷንና የአሳማውን ሰሌዳዎች መልሶ የተከላቸው እሱ ነበር፤ ማንበብ ግን አይችልም።

ቄሱ ፍትሐት ጀመሩ። አንዲት ባልቴት፣ «ጥርስሽ እንዴት ያምር ነበር፣ እናቴ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ዘበኛው እውነቱን ቢናገር በድንጋይ እንደሚወግሩት አላጣውም። ደግሞስ ለአንድ አሳማ ማን ይጠይቀዋል? እሷ ከተረፈች እንጀራውም ተርፏል። እፎይ ብሎ አፈር ዘገነና ጉድጓዱ ውስጥ በተነ።

«ነፍስ ይማር፤» አለ።

«ጎሽ!» አሉ ጋሽ ይፍሩ ትከሻውን ይዘው። «ጎኗ ለነበረው ርኩስ አሳማም አታስብ። ከእናታችን አጠገብ አይውልም ብለን፣ ጎህ ሳይቀድ አድቅቀን አዋሽ ውስጥ በተንነው።»