ያልተደረገው ፍጻሜ

መዶሻ የሚሏት የመረብ ኳስ ተጫዋች ዘላ የመታችው ኳስ ወለሉን መትቶ እስከ ባዶው የተመልካች ወንበር ድረስ ሲነጥር፣ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ በጎን በር ይገባል። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦታል።

“ማሟሟቁን አቁሙ፤” ይላል አሰልጣኙ። “ወደዚህ ኑ፤ ግን ተራርቃችሁ ቁሙ።”

ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ርቀታቸውን እየለኩ በግማሽ ክብ ይቆማሉ። በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ተጋጣሚዎቻቸው ጃኬታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ያዳምጣሉ።

ኃላፊው ነገር አያንዛዛም። በወረርሽኙ ምክንያት ከነገ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በሙሉ ተሰርዟል፤ የተማሪዎች መኝታ ክፍሎችም ነገ ይለቀቃሉ። “ይኼ ግን የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ። ሁላችሁም ከተስማማችሁ ዛሬውኑ ተጫወቱ ተብሏል። ከሁለቱ ቡድን አንዲት ልጅ እንኳ አልፈልግም ካለች ግን ጨዋታ የለም፤ ዋንጫውም ለማንም አይሰጥም።”

የእንግዶቹ አሰልጣኝ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ካለችበት ሆና እጇን ታነሳለች። “ሳልደብቅ ልናገር። አንዷን ተጫዋቼን ዛሬ ጠዋት ትኩሳት ይዟት ሆቴል ትተናት ነው የመጣነው። ብርድ ይሁን ሌላ አላውቅም። የቀሩት ደህና ናቸው፣ መጫወትም ይፈልጋሉ። እናንተ ግን አውቃችሁ ወስኑ።”

“እንጫወታለና፤” ትላለች መዶሻ። ይህን ስም ያወጣላት የቀኝ ክንዷ ነው። “ለዚች ቀን ብለን ስንት ጠዋት በብርድ ሮጠናል። ደግሞ እኔን ሊይዝ የሚመጣ በሽታ መጀመሪያ ኳሴን ይያዝ።”

ሳቅ ይነሳል።

“የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ፤” ይላል አሰልጣኙ።

እጆች ይወጣሉ። አምበሏ የራሷን ከማንሳቷ በፊት እንደ ልማዷ የቡድኗን ልጆች ፊት አንድ በአንድ ታያለች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፋለች። አምና መልበሻ ክፍል ውስጥ ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላ ስታለቅስ ያየ ሁሉ ዘንድሮ የሚጫወተው ለእሷ ብሎ ነው። ይህን ማልያ ዳግም አትለብሰውም።

ዓይኗ ሚጢጢ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሚጢጢ አቀባያቸው ናት፤ መዶሻ የምትመታውን ኳስ ሁሉ የምታመቻቸው እሷ ናት። እጇን አውጥታለች፤ ግን ከጆሮዋ አላለፈም። የምታየው ወለሉን ነው።

አምበሏና ሚጢጢ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። ማታ ማታ ሚጢጢ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቤቷ ስትደውል አምበሏ ሳትፈልግ ትሰማለች። አባቷ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሚጢጢ ነገ ሄዳ ፍራሽ የምታነጥፈው አልጋቸው ሥር ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሲታዘንላት አትወድም። አሁንም ጓደኞቿን ዋንጫ ያሳጣችው እሷ እንዳትባል እጇን አውጥታ ቆማለች።

“አምበል፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ፤” ይላል አሰልጣኙ።

“እኔ አልጫወትም፣ ኮች።”

መዶሻ ያወጣችውን እጅ መመለስ ትረሳለች።

“እየቀለድሽ ነው?” ትላለች።

“አይደለም።”

“ፈርተሽ ነው?”

አምበሏ ትንሽ ታስባለች። “አዎ፣ ፈርቻለሁ።” ውሸት አይደለም። ለማን እንደፈራች ብቻ ነው ያልተናገረችው። ዓይኗ ወደ ሚጢጢ እንዳይሸሽ አንገቷን አጠንክራ ይዛለች።

“ያንቺ ፍርሃት የሁላችንን ልፋት ገደል ይክተተው?” የመዶሻ ድምፅ መሀል ላይ ይሰበራል። “እኔ እኮ የሚመጣው ዓመት አለኝ፣ እህቴ። የሌለሽ አንቺ ነሽ።”

“አውቃለሁ። ተናደጂብኝ፣ አልቀየምሽም።”

“እኔ...” ትላለች ሚጢጢ።

“አንቺ ኳሶቹን ሰብስቢ፤” ትላታለች አምበሏ፣ ሳታያት።

አሰልጣኙ አምበሏን ለረጅም ጊዜ ያያታል፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል። እንግዶቹ ቦርሳቸውን አንስተው ይወጣሉ። አሰልጣኛቸው በሩ ላይ ስትደርስ ትቆምና ለአምበሏ አንገቷን ዝቅ አድርጋላት ትሄዳለች።

አምበሏ ምሰሶው ጋ ሄዳ መረቡን መፍታት ትጀምራለች። ገመዱ ጠንክሯል፤ በጥርሷ ትስበዋለች። ከልጆቹ አንዷም ልርዳሽ አትላትም። መዶሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ትበጥሰው ይመስል ትጎትታለች።

ሚጢጢ ከወዲያ ጥግ፣ ኳሶቹ መሀል ቁጢጥ ብላ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ባዶ አዳራሽ ግን ምንም አይደብቅም።

“እማዬ፣ ተሰረዘ። ... አይ፣ ጭራሽ አልተጫወትንም። እንግዶቹ አጠገብም አልደረስኩ። ነገ እመጣለሁ። ... አባዬ ነቅቷል? እስቲ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት።” ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ታዞራለች። “አባዬ? አትናገር፣ ትንፋሽህን አትጨርስ። እኔ ላውራ፣ አንተ ስማኝ ብቻ።”

የመዶሻ እጅ ክሩ ላይ እንዳለ ይቆማል። ወደ ሚጢጢ ታያለች። ከዚያ ወደ አምበሏ። አምበሏ ከገመዱ ቀና አትልም።

መዶሻ ትነሳለች። ክሩ የተፈታ ጫማዋን እየጎተተች አዳራሹን አቋርጣ ሌላኛው ምሰሶ ጋ ትደርሳለች፤ መረቡንም በእሷ በኩል ትፈታለች። ሁለቱም ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ እያጠፉ ይቀራረባሉ። ጥቂት ሲቀራቸው መዶሻ ትቆማለች። የያዘችውን ጫፍ ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ ታስቀምጥና፣ አምበሏ እንድታነሳው፣ እጇን ዘርግታ ርቀቷን እየለካች ወደ ኋላ ፈቀቅ ትላለች።