ያልቆመች ምስክር

«ክፍሉ ከእስር እንደተፈታ ፅጌን ነው የሚያገባው አሉ» ይላሉ እትዬ ወርቅውሃ፣ ሽሮውን እያማሰሉ። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ወሬ ሲያሞቁት ነው የዋሉት።

ሰርካዲስ ሽንኩርቱን ትከትፋለች። አክስቷ ናቸውና «ዝም በሉ» አይባሉም።

እዚህ በሰው አገር፣ ከተማው ኦሎምፒኩን ከማስተናገዱ በፊት በጠብ የታሰረው ክፍሉ አመክሮ ሊጠይቅ ቦርድ ፊት የቀረበው እንግሊዝኛ ሳያውቅ፣ ያለ አስተርጓሚ ነበር። ትልልቅ ሰዎች እንዳይቀየሙት፣ ያልገባውን ሁሉ «የስ ሰር» እያለ አሳለፈ። «ብትፈታ ትደግመዋለህ?» ሲሉትም «የስ ሰር»። ተከለከለ። ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ እዚያው እስር ቤት ሆኖ፣ መብቴ ተጣሰ ብሎ ቦርዱን ከሰሰ።

ያን ቀን «ላስተርጉምለት» ብላ ሄዳ፣ አትገቢም ተብላ ከበር የተመለሰችው ሰርካዲስ ናት። ዛሬ ዳኛ ፊት ቆማ ይህን ካልተናገረች ክሱ ይዘጋል፤ ጠበቃው ነግሯታል።

ጡሩምባ ይጮኻል። የጋሼ ጸጋዬ ልጅ ፅጌ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ትገባለች፤ ሽቶዋ ቀድሟታል።

«ሰርኬ፣ ነይ እንጂ! ደብል ፓርክ አድርጌ መንገድ ዘግቻለሁ።»

ሰርካዲስ ቀና አትልም። እሑድ እሑድ እሷ ሰሃን ስታጥብ፣ ይቺ ድራይቭ አድርጋ ሄዳ ክፍሉ ፊት ትቀመጣለች። ምን ለብሳ? እጁን ይዛው ይሆን? ይህ ሲከነክናት ነው የሚነጋው።

«እሑድ እሑድ ምንድን ነው የምታወሩት?»

ፅጌ እትዬ ወርቅውሃን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። «እሱ… አሁን አይነገርም። ትደርሽበታለሽ።»

«እንግዲያው የምትጠይቂውም አንቺ፣ የምትመሰክሪለትም አንቺ።»

«እኔ እዚያ አልነበርኩማ! ሰርኬ፣ በማርያም፣ እዚያው ሊያረጅ ነው!»

«ሊፕስቲክሽን ደርበሽ ተቀቢና ሂጂ። ዳኛውም ወንድ ነው።»

ፅጌ ቁልፏን ጨብጣ ትወጣለች። መኪናዋ ኦሎምፒክ ወደሚባለው መንገድ ስትታጠፍ ሰርካዲስ በመስኮት ታያታለች፤ የድል ያህል ደስ ይላታል።

ቀኑ ሲጋደል ጋሼ ጸጋዬ ከረባታቸውን እያላሉ ይገባሉ። «ተዘጋ» ይላሉ። «ምስክር የለም ተባለ።»

«የፅጌ ጣጣ ነዋ!» ይላሉ እትዬ ወርቅውሃ። «እሷ በየሳምንቱ ባትመላለስበት…»

«እሷ ምን ታድርግ? እኔ እሑድ ታክሲ ላይ ነኝ፤ ክፍሉ መልእክቱን በሷ ነው የሚልክልኝ። ሽማግሌ ሁኑልኝ፣ ቤተሰብ ሳይሰማ ልጅቱ ብትሰማ ነውር ነው፣ ብሎ አፏን አስይዟታል።» ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ሰርካዲስን አያዩዋትም። «የፊታችን እሑድ እኔና ጓደኛዬ ፍስሐ እርስዎ ዘንድ ልንመጣ ነበር፤ ሰርካዲስን ልንጠይቅለት።»