የተንጋደደው ፍሬም

ጫማዬን በረንዳው ላይ አውልቄ ቁልፉን ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። በሩ እንዳይጮህ ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የፒያሳ አሮጌ ቤት በር አመሉን ለሚያውቅ ይታዘዛል። ከቢሮ የወጣሁት ጥርሴን አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የባሌ እናት እማማ የሺ ብቻቸውን ናቸው፣ ዛሬ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየውን ግድግዳ ያፈረስን ጊዜ ነው። ኦፕን ኪችን የፈለግኩት እኔ ነኝ። እማማ የሺ ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ጓዳው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲገለጥ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ያስፈራኛል።

በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። አቧራው እንዳያበላሻት በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ሥራው ሲያልቅ ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል፤ ግድግዳው ከሶፋውም ከምድጃውም ይታያል፤ ከቤቱ አንደኛ ቦታ። አራት ኪሎ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ የገዛሁትን ትልቅ ፎቶ ሰቀልኩበት፤ በዝናብ የፒያሳን ዳገት የምትወጣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። ባሌ እምሩ «እማማን ጠይቂያት እንጂ» አለኝ። አልጠየቅኳቸውም። ሥዕሏን መኝታ ቤታቸው እሰቅላታለሁ ብዬ፣ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር አለፈ።

የመጀመሪያው ቀን እማማ የሺ ፍሬሙን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አሰፋችሁላት፣ መስታወትም አገባችሁላት፤ ደግ አደረጋችሁ» አሉ። አሽሙር ነው፣ ገብቶኛል። አራዳ ተወልደው አራዳ ያረጁ ሴት ሲያሽሟጥጡ ፊታቸው እንኳ አይፈታም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ፍሬሙን ተንጋዶ አገኘዋለሁ። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ ከፍ ብሎም ክብ የሆነ ወዝ። እወለውላለሁ፣ አቃናለሁ፣ በማግስቱ ያው ነው። እምሩ «ቤቱ አርጅቷል፣ መኪና ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል» ይላል። መኪና አሻራ አለው እንዴ? ሊያወርዱት እየሞከሩ ነው፣ ወይ ወድቆ እንዲሰበር እያላሉት ነው። ከሁሉ ያስጠረጠረኝ ደግሞ ሥዕሏ የት ገባች ብለው አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቃቸው ነው።

እገባለሁ። እንደ ድሮው ቢሆን ግድግዳው ይሸፍነኝ ነበር፤ አሁን ከበሩ እስከ ምድጃው መሸሸጊያ የለም። እማማ የሺ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ፎቶው ፊት ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ይመስል ነጠላቸውን አመሳቅለው ለብሰዋል። ሁለት እጃቸውን ይዘረጉና ፍሬሙን ግራና ቀኝ ይይዛሉ። ያዝኳቸው፣ እላለሁ በልቤ።

አያወርዱትም። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ፣ በታክሲዋ ሁለት መብራቶች መካከል ያሳርፋሉ። ከዚያ ይስሙታል።

«እመቤቴ» ይላሉ፣ «የቀረችኝን ብርሃን አትንሽኝ። ጥላም ቢሆን ይበቃኛል። ልጆቹ ብቻ አይወቁብኝ። ካወቁ ልጄ ማክዳ ቀን የሚጠብቅሽ የለም ብላ ሐዋሳ ትወስደኛለች። እዚያ ምን የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ ግድግዳው ቢፈርስም አንቺ ጋ በስምንት እርምጃ እደርሳለሁ። ሜላትም ደግ ልጅ ናት፤ ሸክም አታድርጊኝባት።»

ሜላት እኔ ነኝ።

ጣውላው ከእግሬ ሥር ሲጥ ይላል። እማማ የሺ ዘወር ይላሉ። በመካከላችን ያለው አምስት እርምጃ አይሞላም። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ያርፋል፣ ያልፈኛል፣ በሩ በኩል ይንከራተታል።

«ማነው?»

ትንፋሼን እይዛለሁ። ጥቂት ያዳምጡና «ድመቷ ናት» ብለው ወደ መስታወቱ ይመለሳሉ።

አፍራለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጸሎታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ኖሬያለሁ። ምነው ያን ሚስማር ባልነካሁት። አሁን ፎቶውን አውርጄ የእመቤታችንን ብመልስ እጃቸው ወዲያው ያውቃል፤ እሷ ትንሽ ናት፣ መስታወትም የላት። እስከ ዛሬ የሳሙት ምን እንደነበር ሲጠይቁኝ ምን ልመልስ ነው? ፍሬሙ ከእንግዲህ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ታክሲዋን ግን እሑድ እምሩ ሥላሴ ይዟቸው ሲሄድ ከመስታወቱ ጀርባ አወጣታለሁ፤ በቦታዋ የምትገባው ቁም ሳጥን ውስጥ ናት።

ወደ ኋላዬ እየረገጥኩ እወጣለሁ። በረንዳው ላይ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ ቁልፎቼን አቅጨለጭላለሁ፣ በሩን ሳላነሳ እየጮኸ እከፍተዋለሁ።

«እማማ፣ ሜላት ነኝ።»

ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውም ወደ ትከሻቸው ተመልሷል። ወደ ድምፄ ዞረው ፈገግ ይላሉ።

«ዛሬ ደግሞ ፊትሽ ጠቁሯል። ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

ጉንጬን እነካለሁ። ረጥቧል።

«ጥርሴን ነው፣ እማማ።»

«ያስታውቃል» ይላሉ። «ገና ስትገቢ አየሁት።»

ከራሳቸው በላይ ፍሬሙ ወደ ግራ ተንጋዷል። አላቃናውም።